ሴንሰሩ ሁለት ጊዜ ተቀይሮ ኮዱ ለምን ይመለሳል?

ጥያቄ፦ «መኪናዬ የ2004 ቶዮታ ኮሮላ ነው። የቼክ ኢንጂን መብራት በርቶ ጋራዥ ስወስደው ስካነሩ ፒ0118 የሚል ኮድ አወጣ። የሞተር ውሃ ሙቀት ሴንሰር ነው ተባልኩና ከሶማሌ ተራ ገዝቼ ተቀየረ። ኮዱ ጠፍቶ ጥቂት ቀን ቆይቶ ተመለሰ። ሁለተኛ ሴንሰር ገዛሁ፤ እሱም እንደዚያው ሆነ። ዝናብ ሲዘንብና ኮብልስቶን ላይ ስነዳ ይብሳል። ጠዋት ለመነሳት ያስቸግራል፤ የራዲያተሩ ፋን ደግሞ አንዳንድ ጊዜ ሞተሩ ገና ሳይሞቅ ይሽከረከራል። አሁን የሞተሩ ኮምፒውተር ስለተበላሸ መቀየር አለበት ተብያለሁ። ልግዛ?»

ምላሽ፦ አይግዙ። ቢያንስ ከዚህ በታች ያሉት ሙከራዎች ሳይሠሩ አይግዙ። በዝናብ የሚብስ፣ መንገዱ ሲያንገጫግጭ የሚመለስ ብልሽት አብዛኛውን ጊዜ የሽቦ ወይም የሶኬት ብልሽት ነው። ሁለት አዲስ ሴንሰሮች በተከታታይ፣ ያውም በአንድ ዓይነት ሁኔታ ተበላሹ ብሎ ከማመን ሁለቱም ደህና ነበሩ ብሎ መነሳት ይሻላል። የመጀመሪያውን፣ ከመኪናው ጋር የመጣውንም ሴንሰር ካልጣሉት ያስቀምጡት፤ ምናልባት ሦስቱም ጤነኞች ናቸው።

ችግሩ የሚጀምረው ከኮዱ አነባበብ ነው። ፒ0118 «ሴንሰሩ ተበላሽቷል» አይልም። የሚለው «በውሃ ሙቀት ሴንሰር መስመር ላይ የሚታየው ቮልቴጅ ከሚገባው በላይ ነው» ነው። መስመር ሲባል ከኮምፒውተሩ የሚወጣው የሲግናል ሽቦ፣ ሶኬቱ፣ በሶኬቱ ውስጥ ያሉት ፒኖች፣ ሴንሰሩ፣ ከዚያም ወደ ኮምፒውተሩ የሚመለሰው የኔጋቲቭ ሽቦ በሙሉ ማለት ነው። ስካነሩ ከእነዚህ ውስጥ የትኛው እንደሆነ አያውቅም። ሴንሰሩ ርካሽና ለመፍታት ቀላል ስለሆነ ብቻ ሁልጊዜ ተጠያቂ እሱ ይሆናል።

አሠራሩን ካወቁ ቀሪው ቀላል ነው። ይህ ሴንሰር ሲሞቅ ሬዚስታንሱ (ኤሌክትሪክን የመግታት አቅሙ፣ በኦም የሚለካው) የሚቀንስ ቁስ ነው። በቶዮታ ሞተሮች ላይ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከ2.3 እስከ 2.6 ኪሎ ኦም፣ በ80 ዲግሪ ደግሞ ወደ 0.32 ኪሎ ኦም ያህል ይለካል። ኮምፒውተሩ በውስጡ ባለ ሬዚስተር በኩል 5 ቮልት ይልካል፤ ሴንሰሩ ከዚያ ላይ የሚያስቀረውን ቮልቴጅ አይቶ ሙቀቱን ያሰላል። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ቮልቴጁ ከፍ ይላል፣ ሲሞቅ ዝቅ ይላል። በ80 ዲግሪ ከ0.2 እስከ 1 ቮልት ባለው ውስጥ መሆን አለበት። ሽቦው ቢቆረጥ ቮልቴጁን የሚስበው ስለሌለ 5 ቮልቱ እንዳለ ይቀራል፤ ኮምፒውተሩም ሞተሩ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ነው ብሎ ያነባል። ሁለቱ ሽቦዎች ቢነካኩ ደግሞ ቮልቴጁ ወደ ዜሮ ወርዶ ንባቡ 140 ዲግሪ ይሆናል።

ኮምፒውተሩ ግን ይህን ያህል ቅዝቃዜ አያምንም። ብልሽቱን ከግማሽ ሰከንድ በላይ ካየ ኮዱን ይመዘግብና «እውነተኛውን ሙቀት አላውቅም፣ 80 ዲግሪ ነው ልበል» ብሎ ይሠራል። የጠቀሷቸው ምልክቶች በሙሉ ከዚህ ይመነጫሉ። በአዲስ አበባ ጠዋት ሞተሩ 10 ዲግሪ ላይ ሆኖ ኮምፒውተሩ ለ80 ዲግሪ የሚበቃ ቤንዚን ብቻ ስለሚረጭ አይነሳም፤ ፋኑን የሚያዘውም ኮምፒውተሩ ከሆነ ለጥንቃቄ ያስነሳዋል። ስለዚህ ምልክቶቹ የኮምፒውተሩን መበላሸት አያሳዩም። እንዲያውም የደረሰው መረጃ ሐሰት ሆኖበት በተጻፈለት ደንብ መሠረት እየሠራ ነው።

ወደ ሙከራው እንግባ። የሚያስፈልግዎ ቀጥታ ንባብ የሚያሳይ ስካነር፣ ዲጂታል ቴስተርና ጫፎቹ የተላጡ አጭር ቀጭን ሽቦ ነው። ስልክ ላይ የሚያሳይ ርካሽ ብሉቱዝ ስካነርም ይበቃል፤ ከመኪናው ጋር አልገናኝም ካለ የጋራዡን ይጠቀሙ።

መጀመሪያ ምንም ሳይነኩ፣ መኪናው ሌሊቱን ካደረ በኋላ ጠዋት ቁልፉን ብቻ ከፍተው የውሃውን ሙቀትና ወደ ሞተር የሚገባውን አየር ሙቀት ጎን ለጎን ያንብቡ። ሌሊቱን ያደረ ሞተር ላይ ሁለቱ በጥቂት ዲግሪ ልዩነት መቀራረብ አለባቸው። አየሩ 12፣ ውሃው ከዜሮ በታች 40 ካለ መስመሩ በዚያ ሰዓት ተቋርጧል ማለት ነው። ይህ እድል ነው፤ ብልሽቱ በቦታው ሳለ መፈለግ ይቻላል። አየሩ 12፣ ውሃው 11 ካለ ብልሽቱ አሁን ተደብቋል፤ ሙከራውን ሽቦውን እያወዛወዙ መሥራት ይኖርብዎታል።

ከዚያ ሶኬቱን ከሴንሰሩ ይንቀሉ። ንባቡ ወደ 40 ከዜሮ በታች መውረድ አለበት። አሁን አጭሩን ሽቦ በመኪናው ሶኬት ውስጥ ባሉት ሁለት ፒኖች መካከል ያገናኙ፤ ስለት ያለው ወፍራም ነገር አይክተቱበት፣ ምክንያቱን ወደ ታች እነግርዎታለሁ። ንባቡ ወደ 140 ከዘለለ ሽቦዎቹ ሁለቱም፣ ኮምፒውተሩም ጭምር በዚያች ደቂቃ ደህና ናቸው። የቀረው ሴንሰሩ ወይም የፒኑና የሴንሰሩ መገናኛ ነው። ንባቡ ካልተንቀሳቀሰ የአጭሩን ሽቦ አንድ ጫፍ በሲግናሉ ፒን ላይ ትተው ሌላውን በባትሪው ኔጋቲቭ ወይም በሞተሩ ንጹሕ ብረት ላይ ያስነኩ። አሁን 140 ካለ የተቋረጠው ወደ ኮምፒውተሩ የሚመለሰው የኔጋቲቭ ሽቦ ነው። አሁንም 40 ከዜሮ በታች ከሆነ የሲግናሉ ሽቦ ነው፤ ኮምፒውተሩን መጠርጠር የሚጀመረውም እዚህ ላይ እንጂ ከዚህ በፊት አይደለም።

ሲግናሉን ከኔጋቲቭ ማገናኘት ኮምፒውተሩን ያቃጥላል ብሎ የሚፈራ ሰው አለ። በዚህ ባለ ሁለት ሽቦ ሴንሰር ላይ አያቃጥልም፤ ውስጥ ያለው ሬዚስተር ኩረንቱን ወደ ጥቂት ሚሊ አምፒር ይገድበዋል። ፍርሃቱ ተገቢ የሚሆነው ሌላ ቦታ ነው። ባለ ሦስት ሽቦ ሴንሰሮች ላይ ካለው የ5 ቮልት መጋቢ ሽቦ ጋር እንዲህ አይጫወቱ። ባለ 12 ቮልት አምፑል ፍተሻም በማንኛውም የኮምፒውተር ሲግናል ሽቦ ላይ አይሞከርም። አምፑል ኩረንት ይስባል፤ ለፊውዝና ለዋና ኔጋቲቭ መፈተሻ ጥሩ መሣሪያ ሆኖ ሳለ ለኮምፒውተር መስመር ግን አጥፊ ነው።

ኮዱ ብቻውን መምጣቱም ብዙ ይነግረናል። በቶዮታ ላይ የውሃው ሙቀት፣ የአየሩ ሙቀትና የስሮትሉ ሴንሰሮች አብዛኛውን ጊዜ አንድ የጋራ ኔጋቲቭ ይጠቀማሉ፤ በሽቦ ንድፉ ላይ «ኢ2» ተብሎ ይጻፋል። ኢ2 ከኮምፒውተሩ አጠገብ ቢቋረጥ ኖሮ ፒ0118 ከፒ0113ና ከፒ0123፣ ማለትም ከአየሩ ሙቀትና ከስሮትሉ ሴንሰር ኮዶች ጋር በጓደኝነት ይመጣ ነበር። እርስዎ የጻፉት አንዱን ብቻ ነው። ስለዚህ የጋራው ሽቦ ከተከፋፈለበት ነጥብ ወዲህ፣ ወደ ሴንሰሩ በሚወርደው ቅርንጫፍ ላይ መፈለግ ይበቃል። ይህ ቅርንጫፍ ከአንድ ክንድ ብዙም አይበልጥም። ዳሽቦርድ የሚያስፈታ ሥራ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ወጥመድ እንምጣ። ባለሙያው ሶኬቱን ነቅሎ፣ ቴስተሩን አስገብቶ፣ «ይኸው 5 ቮልት አለ፣ ሽቦው ደህና ነው» ይላል። አይደለም። ዲጂታል ቴስተር የሚስበው ኩረንት ከምንም አይቆጠርም፤ አብዛኞቹ በ10 ሜጋ ኦም ነው የሚለኩት። ከሽቦው ክሮች አንዷ ብቻ ብትቀር፣ ወይም መዳቡ ዝጎ 2 ኪሎ ኦም ቢጨምር እንኳን ቴስተሩ 5 ቮልት ብሎ ያነባል። «ድምፅ አለው» እየተባለ የሚደረገው ሽቦው መቆረጥ አለመቆረጡን የማየት ፍተሻም እንዲሁ ነው፤ አንድ ክር ካለ ይጮኻል። ሽቦ የሚፈተነው ሥራ ላይ እያለ ነው፦ ሶኬቱ እንደተሰካ፣ ሴንሰሩ እየሠራ፣ ከሶኬቱ ኋላ ሽቦው በሚገባበት በኩል በቀጭን መርፌ ፒኑን ነክተው ይለኩ። ሽቦውን ልጣጩን በስተው አይግቡበት፤ ያች ቀዳዳ ክረምት ሲመጣ የውሃ በር ትሆናለች።

በዚህ ሁኔታ የቴስተሩን ጥቁር ጫፍ ባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ቀዩን የሴንሰሩ ኢ2 ፒን ላይ ያድርጉ። ደህና መስመር ከ0.05 ቮልት አይበልጥም። ግማሽ ቮልትም ሆነ ከዚያ በላይ ካነበበ ኔጋቲቩ በመንገድ ላይ የሆነ ቦታ ታንቋል። ምንም ዓይነት ኮድ ሳያወጣ ገንዘብዎን የሚበላው ብልሽት ይህ ነው። ለምሳሌ በዝገት 2 ኪሎ ኦም ቢጨመር፣ 80 ዲግሪ የደረሰ ሞተር 0.32 ሲደመር 2፣ ማለትም 2.32 ኪሎ ኦም ሆኖ ይታያል፤ ኮምፒውተሩ ይህን 20 ዲግሪ ብሎ ያነበዋል። ቁጥሩ የማይቻል ቁጥር ስላልሆነ ኮድ አይመዘግብም። ሞተሩ ግን ቀኑን ሙሉ እንደ ቀዝቃዛ ሞተር ቤንዚን ይጠጣል፣ ሚኒሞው ከፍ ይላል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። አንዳንድ መኪና ላይ ፒ0128 የሚል የቴርሞስታት ኮድ ይወጣና አሁን ደግሞ ቴርሞስታት ይገዛል። ቴርሞስታቱ ምንም አላጠፋም።

ንባቡ ሁሉ ደህና ሆኖ ከተገኘ ብልሽቱ ተደብቋልና ማስወጣት ነው። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ስካነሩን በግራፍ ያቁሙት፤ የሽቦውን ቅርንጫፍ ከሶኬቱ ጀምረው ጥቂት ጥቂት ሴንቲሜትር እየያዙ ቀስ ብለው ያጥፉ፣ ይጫኑ፣ ይጎትቱ። የሙቀቱ መስመር ወደ ታች የሚወረወርበት ቦታ ነው ብልሽቱ። ሙቀት በግማሽ ሰከንድ ከ85 ወደ 30 ወርዶ ተመልሶ 85 አይሆንም፤ እንዲህ የሚዘለው ሽቦ ብቻ ነው። ረዳት ካለዎት ከስፕሬይ ጠርሙስ ጥቂት ውሃ በሶኬቱ ዙሪያ ይርጩ። በዝናብ ይብሳል ስላሉ ይህ ሙከራ ለእርስዎ ከሁሉም ይበልጣል ብዬ አስባለሁ።

የት እንደሚያገኙት ብገምት ከሶኬቱ 10 ሴንቲሜትር ውስጥ ነው እላለሁ። ሶኬቱ ሲፈታ ማቀፊያውን ሳይጫኑ ሽቦውን ይዞ መጎተት የተለመደ ነው፤ መዳቡ በልጣጩ ውስጥ ይበጠሳል፣ ልጣጩ ግን እንዳለ ይቆያል። ሽቦውን በሁለት ጣት ይዘው በቀስታ ሲጎትቱት እንደ ላስቲክ ከተለጠጠ ውስጡ መዳብ የለውም። ሌላው ፒኑ ነው። ወፍራም የቴስተር ጫፍ፣ አለዚያም ጠመንጃ መፍቻ የሚገባበት ሴት ፒን ከንፈሩ ይከፈትና ሴንሰሩን መያዝ ይተዋል። መኪናው በቆመበት ይነካል፣ በኮብልስቶን ላይ ይለቃል። ማለትም ብልሽቱን ያመጣው የመጀመሪያው ምርመራ ሊሆን ይችላል። ከአሮጌ ሶኬት ላይ መጠኑ ተመሳሳይ ወንድ ፒን አውጥተው በእያንዳንዱ ሴት ፒን ላይ ሰክተው ሲያወጡት ሁለቱም እኩል መያዝ አለባቸው። አንዱ ያለ ምንም ትግል ከወጣ አገኙት። ፒኑ ከማቀፊያው ወደ ኋላ አፈግፍጎ እንደሆነም ከፊት ሆነው ያስተያዩት፤ ሁለቱ በአንድ ደረጃ መታየት አለባቸው።

ላቫጆን ሳላነሳ አላልፍም። ሞተርን በናፍጣ አጥቦ በኃይለኛ ውሃ መርጨት እዚህ አገር እንደ እንክብካቤ ይቆጠራል። ናፍጣው በሶኬቱ አፍ ያለውን የጎማ ማተሚያ ያሳብጠዋል፣ ቅርጹን ያበላሸዋል፤ ከዚያ የሚመጣው የግፊት ውሃ ቀጥ ብሎ ይገባል። ውሃው መዳቡን አረንጓዴ ያደርገዋል፤ አረንጓዴው በክሮቹ መካከል እየተሳበ በልጣጩ ሥር ብዙ ሴንቲሜትር ይጓዛል። ለዚህ ነው ሶኬቱን በስፕሬይ ማጽዳት ለጊዜው የሚሠራውና ከሳምንት በኋላ የማይሠራው። እግረ መንገድዎን አይጥ የነከሰው ቦታ እንዳለም ይመልከቱ፤ ከኮፈን ሥር ሞቃት ቦታ ትወዳለች፣ ቆሞ የሚያድር መኪና ደግሞ አትለቅም።

ሲጠግኑ አረንጓዴው መዳብ እስኪያልቅ ድረስ ቆርጠው ብሩህ መዳብ ላይ ይድረሱ። ውፍረቱ ተመሳሳይ የሆነ፣ ብዙ ክር ያለው እውነተኛ የመዳብ ሽቦ ይጠቀሙ፤ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም የድምፅ ማጉያ ሽቦ ገበያ ላይ ሞልቷል፣ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ሁለቱን መጋጠሚያዎች አንድ ቦታ ላይ አይደርድሯቸው፣ ያራርቋቸው። እኔ በመጭመቂያ የተያዘና በውስጡ ሙጫ ባለው በሙቀት በሚኮማተር ቱቦ የተሸፈነ መጋጠሚያ እመርጣለሁ። በሊድ የተበየደም ይሠራል፣ ነገር ግን ሊዱ የቆመበት ጫፍ ግትር ስለሚሆን ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ እዚያው ይበጠሳል፤ ከበየዱ ሽቦውን ከአጠገቡ ካለ ነገር ጋር አጥብቀው ይሰሩት። ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል ጥገና አይደለም። ናስትሮው ሞተሩ ላይ ሙጫው ቀልጦ ይፈታል።

ጥያቄዎ የውሃ ሙቀት ቢሆንም በፒ0335፣ በክራንክሻፍት ሴንሰር መስመር ኮድ፣ የሚቸገሩም ብዙ ስለሆኑ አንድ ነገር ልጨምር። የክራንክሻፍት ሴንሰር በእነዚህ ቶዮታዎች ላይ ባለ ሁለት ሽቦ ማግኔት ነው፤ ሲቀዘቅዝ ከ985 እስከ 1600 ኦም ያህል ይለካል። ሲሞቅ ስለሚለወጥ፣ ሞተሩ ሲሞቅ የሚጠፋ መኪና ላይ በሙቀቱ መለካት አለበት። ልዩነቱ ሁለቱ ሽቦዎች ተገማምደው በመከለያ መጠቅለላቸው ነው፤ ምልክቱ ደካማ ስለሆነ የቦቢናና የዲናሞ ጫጫታ እንዳይገባበት ነው። እሱን ሲጠግኑ ግምዱን ፈትተው በሁለት ቀጥ ያሉ ሽቦዎች ከተኩት ሬዚስታንሱ ትክክል፣ ሞተሩ ግን የሚያነቅፍ ሆኖ ይቀራል።

ስለ ኮምፒውተሩ፦ ኮምፒውተር አይበላሽም አላልኩም። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2010 ቶዮታ በአሜሪካና በካናዳ ከ2005 እስከ 2008 ሞዴል የሆኑ 1.13 ሚሊዮን ያህል ኮሮላና ማትሪክስ መኪናዎችን በሞተር ኮምፒውተር ምክንያት ጠርቷል፤ በውስጡ ያሉ የብየዳ ነጥቦች ይሰነጠቁ ነበር። ነገር ግን የእነዚያ ምልክት እየሄዱ መጥፋትና ጨርሶ አለመነሳት ነበር፤ የእርስዎ መኪናም በእነዚያ ሞዴሎች ውስጥ የለም። በእርስዎ መኪና ላይ ኮምፒውተሩ የሚወነጀለው የሲግናሉ ሽቦ ከሴንሰሩ ሶኬት እስከ ኮምፒውተሩ ፒን ድረስ ደህና መሆኑ በሥራ ላይ ተለክቶ፣ የኮምፒውተሩ ሶኬት ፒኖች ታይተው፣ በኮምፒውተሩ ፒን ላይ ሲግናሉን ከኔጋቲቭ ሲያገናኙት ንባቡ አሁንም ወደ 140 አልሄድም ካለ ብቻ ነው። ያን ጊዜም ከሌላ መኪና የተነቀለ ኮምፒውተር ከመግዛትዎ በፊት መኪናዎ ኢሞቢላይዘር (በማያውቀው ቁልፍ ሞተሩ እንዳይነሳ የሚያግድ የስርቆት መከላከያ) ያለው መሆኑን ያጣሩ። ካለው የተገዛው ኮምፒውተር ቁልፍዎን ስለማያውቅ መኪናው ጭራሽ አይነሳም፤ ማስተዋወቁ ራሱን የቻለ ወጪ ነው።

ሶኬቱን ነቅለው፣ ፒኖቹን አገናኝተው፣ ከዚያም ሲግናሉን ከባትሪው ኔጋቲቭ አስነክተው ያነበቧቸውን ሦስት ቁጥሮች፣ ሶኬቱ ተሰክቶ ኢ2 ላይ የለኩትን ቮልቴጅም ጨምረው ይጻፉልኝ። በእነዚያ አራት ቁጥሮች የትኛው ሽቦ እንደሆነ ልነግርዎ እችላለሁ።